ወንበር ልግዛ፣ ምንጣፍ ልዘርጋ ወይስ ጠረጴዛ ከፍ ላድርግ? ለስፌትና ለመገጣጠሚያ ላይን የምርጫ መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሱፐርቫይዘር ሆኜ የሠራሁበት አንድ የልብስ ፋብሪካ ለስፌት ላይኑ፣ ማለትም ማሽኖቹ ለተደረደሩበት የሥራ መስመር፣ 60 አዳዲስ ወንበሮች ገዛ። መደገፊያ አላቸው፣ ስፖንጅ አላቸው፣ ከፍና ዝቅ ይላሉ። ጎማም አላቸው። አለቃችን ፎቶ አንስቶ ለባለቤቱ ላከ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ግማሹ ኦፕሬተር ወንበሩን ጥግ አስይዞ የድሮው አግዳሚ ላይ ተመልሷል።

«ምነው፣ አልተመቸሽም?» ብዬ አንዷን የኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመው ማሽን) ኦፕሬተር ጠየቅኋት።

«ወንበሩማ ደስ ይላል» አለችኝ። «ግን ፔዳሉን በረገጥኩ ቁጥር ወደ ኋላ ይሸሻል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ስጎትት ነው የምውለው።»

ነገሩ ያ ነበር። ጎማ ያለው ወንበር የተሠራው ለቢሮ ነው። ፔዳል የሚረግጥ ሰው ጎማ ላይ ከተቀመጠ እንዳይንሸራተት በጭኑና በወገቡ ራሱን ይዞ መዋል አለበት። የክንድ ማሳረፊያውም ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እየተጋጨ ሰውየውን ከማሽኑ ያርቀዋል። ስለዚህ ወደ መርፌው ይጎብጣል። ያ ሁሉ ብር የወጣበት መደገፊያ ማንም ሳይደገፈው ይውላል።

ይህን የምጽፈው ትንሽ ብር ይዘው «ምን ልግዛ?» ለሚሉ የስፌት ቤት ባለቤቶች፣ ለላይን ሱፐርቫይዘሮችና በየፋብሪካው ላሉ የደህንነት ኮሚቴ አባላት ነው። አብዛኛው ምሳሌዬ ከልብስ ስፌት ነው፤ የማውቀው እሱን ስለሆነ። ጫማ፣ ስልክ ወይም የኤሌክትሪክ ዕቃ የምትገጣጥሙም ብዙውን ወደ እናንተ ሥራ መመንዘር አይከብዳችሁም።

ከመግዛት በፊት አንድ ወረቀት

ርካሹ መሣሪያ ወረቀት ነው። የሰው ምስል ከፊትና ከኋላ ሥላችሁ አባዙት። ስም አይጻፍበት። ክፍሉ ብቻ ይጻፍ፤ ስፌት፣ ቼኪንግ (የተሰፋው የሚፈተሽበት)፣ ካውያ፣ ፓኪንግ (የሚታሸግበት)። እያንዳንዱ ሰው የሚያመው ቦታ ላይ ኤክስ አድርጎ ሳጥን ውስጥ ይክተት። ስም የማይጻፈው በምክንያት ነው። «ያመኛል» ያለ ሰው «አትችልም» ተብሎ እንዳይባረር ይፈራል።

ወረቀቶቹን በየክፍሉ ስትለዩ መልኩ ራሱ ይናገራል። እኔ ባየሁት የስፌት ክፍሉ ኤክስ አንገትና ትከሻ ላይ ይከማቻል። የካውያና የቼኪንጉ እግርና ተረከዝ ላይ። የፓኪንጉ ወገብ ላይ። ክር የሚቆርጡት ልጆች አውራ ጣታቸውንና የእጅ አንጓቸውን ነው የሚያጠቁሩት። ይህን ሳያዩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ወንበር መግዛት ለአራት በሽተኛ አንድ ክኒን እንደማከፋፈል ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። እኛ ሀገር አንገት ሲይዝ «ብርድ ነው» ይባላል። ወገብ ሲይዝም ብርድ ነው። መስኮት ይዘጋል፣ ፎጣ ይጠመጠማል፣ ወጌሻ ቤት ይኬዳል። ነገር ግን ሰኞ ማታ ጀምሮ ቅዳሜ የሚብስ፣ እሁድ ማታ ደግሞ የሚለቅ ብርድ የለም። የሥራ ሳምንትን የሚከተል ሕመም ከሥራው ነው የመጣው።

ተቀምጦ ወይስ ቆሞ?

ክርክሩ አሮጌ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች ሕመም ሲጽፍ ተቀምጠው የሚጎብጡትን ልብስ ሰፊዎችንም፣ ቀኑን ሙሉ የሚቆሙትንም አንስቷል። ለአንዱ ተንቀሳቀስ፣ ለሌላው በየመሃሉ አረፍ በል ነበር ምክሩ። ከ300 ዓመት በኋላም ኤርጎኖሚክስ የሚባለው፣ ሥራን ከሰው አካል ጋር የማስማማት ትምህርት ከዚህ ብዙ አልራቀም።

ስለዚህ «የቱ ይሻላል?» ከማለት «ሥራው ምን ይፈልጋል?» ብሎ መጀመር ነው።

ፔዳል ካለ መቀመጥ ይመረጣል። ቆሞ ፔዳል የሚረግጥ ሰው ክብደቱን በሙሉ በሌላኛው እግሩ ነው የሚሸከመው። ቆመው የሚሰፉባቸው ፋብሪካዎች አሉ፤ አንድ ሰው በሁለትና ሦስት ማሽን መሃል የሚዘዋወርባቸው ናቸው። እዚያ ግን ፔዳሉም ለቆመ ሰው ተብሎ የተሠራ፣ በትንሽ ንክኪ የሚሠራ ነው። ተራውን የስፌት ማሽን ጠረጴዛውን ብቻ ከፍ አድርጎ «ቁሙ» ማለት ሌላ ነገር ነው።

ሥራው ደቃቅ ከሆነ፣ ዕቃው ሁሉ ክንድ ሳይዘረጋ የሚደረስበት ከሆነ፣ የሚነሳውም ከ4 ወይም 5 ኪሎ የማይበልጥ ከሆነ አሁንም ወንበር ያሸንፋል። ጉልበት የሚጠይቅ፣ ክንድ የሚያዘረጋ፣ ወዲያ ወዲህ የሚያስብል ሥራ ግን የቆመ ሰው ሥራ ነው። ካውያ፣ ጨርቅ መቁረጥና ካርቶን ማሸግ እዚህ ይገባሉ። ተቀምጦ ከባድ ነገር ማንሳት ወገብን ከመቆም ይልቅ ይጎዳል።

መቆም ነፃ አይደለም። እግር ያብጣል፣ የደም ሥር ይወጣጠራል፣ ተረከዝ ያቃጥላል፣ ወገብም አይተርፍም። በካናዳ ኦንታሪዮ ከ7,000 የሚበልጡ ሠራተኞችን ለ12 ዓመት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት አለ። በአብዛኛው ቆመው የሚሠሩት በአብዛኛው ተቀምጠው ከሚሠሩት ይልቅ በልብ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። አንድ ጥናት ሁሉን አይወስንም። ቢሆንም «ቁጭ ማለት ገዳይ ነው» የሚለውን የቢሮ ሰዎች ወሬ ይዞ ፋብሪካ ውስጥ ወንበር የሚነሳ ሥራ አስኪያጅ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

የኔ ምርጫ ሦስተኛው መንገድ ነው። ፔዳል የሌለበት ሥራ ሁሉ ጠረጴዛው በቆመ ሰው ልክ ይሠራ፤ ለሰውየው ደግሞ ረጅም በርጩማ ይሰጠው። ሲደክመው ይቀመጣል፣ ሲያሻው ይነሳል፤ ዓይኑም እጁም ያሉበት ከፍታ ብዙ አይለወጥም። ለቼኪንግ፣ ለክር ቆረጣ፣ ለስልክና ለቻርጀር ገጠማ ለወጣበት ብር የዚህን ያህል የሚጠቅም ነገር አላየሁም። ሁለት ቅድመ ሁኔታ ግን አለው። በርጩማው የእግር ማሳረፊያ ብረት ይኑረው፤ የተንጠለጠለ እግር ጭን ሥር ይታነቃል፣ ይደነዝዛል። ጠረጴዛውም ከሥሩ ጉልበት የሚገባበት ባዶ ቦታ ይኑረው። ብዙ ቦታ ጠረጴዛ ሥር ካርቶን ይታጨቃል፤ ሰውየው ጉልበቱን ማስገባት ስለማይችል ጎኑን ሰጥቶ ተጣሞ ይቀመጣል።

የዚህ ምርጫ ትልቁ ጠላት የገንዘብ እጥረት አይደለም፤ የአለቃ ዓይን ነው። የተቀመጠ ሰው የሰነፈ የሚመስላቸው አለቆች አሉ። እኔም አንድ ሰሞን እንደዛ ነበርኩ።

የትኛው ወንበር?

አግዳሚ ርካሽ ነው፣ አይሰበርም፣ ብዙ ሰው ይይዛል። መጥፎነቱ ለረጅሟም ለአጭሯም እኩል መሆኑ ነው። አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ትናወጣለች። ዱካና አጭር በርጩማ ለቡና እንጂ ለማሽን አይሆንም። የፕላስቲክ ወንበር መደገፊያ ስላለው ይሻላል ይባላል፤ ግን ወደ ኋላ የተጋደመ ነው፤ ስፌት ደግሞ ሰውን ወደ ፊት ይስባል። ስለዚህ ሁሉም ጫፉ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ወንበር በእርግጥ ለውጥ ያመጣል ወይ ለሚል ጥሩ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ የሎስ አንጀለስ ጥናት በ13 የስፌት ቤቶች ያሉ 277 ኦፕሬተሮችን በዕጣ ለሦስት ከፈለ። ሁሉም እንደ መብራትና የእግር ማሳረፊያ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች ተሰጣቸው። ሁለተኛው ቡድን በተጨማሪ ከፍና ዝቅ የሚል ባለ ጠፍጣፋ መቀመጫ ወንበር፣ ሦስተኛው ደግሞ መቀመጫው ጎበጥ ያለ ወንበር አገኘ። ከአራት ወር በኋላ የአንገትና የትከሻ ሕመሙ ወንበር ባገኙት ላይ ይበልጥ ቀነሰ። ከሁለቱ ወንበሮች ያሸነፈው ጎበጥ ያለው ነው። ያመማቸው አንገትና ትከሻ፣ የተቀየረው ግን መቀመጫ መሆኑን ልብ በሉ። ዳሌ በትክክል ከተቀመጠ ጀርባ ይቃናል፤ ጀርባ ከተቃና አንገት ወደፊት መንጠልጠሉን ይተዋል።

ሱቅ ስትሄዱ አራት ነገር ብቻ ፈትሹ። ከፍታው ይስተካከላል? እግሩ ጎማ የለውም? መደገፊያው የታችኛውን ወገብ ይነካል ወይስ ትከሻን ብቻ? የመቀመጫው ፊት ጠርዝ ወደ ታች ታጥፏል ወይስ ጭንን ይቆርጣል? የክንድ ማሳረፊያ ለስፌት አያስፈልግም። ከውጭ የሚመጣው ከተወደደባችሁ ብረት በያጅ ዘንድ ሂዱ። ቱቦ በቱቦ ውስጥ የሚገባ እግር፣ በየሦስት ሴንቲሜትሩ ቀዳዳ፣ አንድ ወፍራም ብሎን። አለቀ። በጋዝ ከፍና ዝቅ እንደሚለው ወንበር አያምርም፤ ግን ጋዙ በስድስት ወሩ ሲሞት ብሎኑ ይኖራል።

ከፍታ ከሁሉም ይቀድማል

ብር ከሌላችሁ ሌላውን ሁሉ ዝለሉና እዚህ ቁሙ።

እ.ኤ.አ. በ1914 መጀመሪያ የሄንሪ ፎርድ መኪና ፋብሪካ በሃይላንድ ፓርክ የመገጣጠሚያ መስመሩን ከወለል ከፍ አደረገው። አንዱን መስመር 68 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ሌላውን 62 ገደማ። ሁለት የሆነው አንዱ ለረጅሞች፣ ሌላው ለአጭሮች እንዲሆን ነው። ልዩነቱ ከ6 ሴንቲሜትር አይበልጥም። ፎርድ ይህን ያደረገው ለሠራተኛው ወገብ አዝኖ አይመስለኝም፤ የሚቆጥረው ደቂቃ ነበር። እኔ ግን ባለቤቶችን የማሳምነው በዚሁ ታሪክ ነው። ደቂቃ የሚቆጥር ሰው እንኳ ለ6 ሴንቲሜትር ሲል ሁለት መስመር ሠርቷል።

መለኪያው ክርን ነው። ሰውየው በሚሠራበት ሁኔታ ቆሞ ወይም ተቀምጦ ክንዱን ወደ ታች ይልቀቅ፤ ክርኑን ይጠፍ። ዓይን የሚፈልግ ደቃቅ ሥራ ከክርን ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። ቀላል የገጠማ ሥራ ከክርን ከ10 እስከ 15 ዝቅ። ተጭነው የሚሠሩት ጉልበት ያለበት ሥራ ከዚያም ዝቅ፣ እስከ 40 ድረስ። የሚለካው የጠረጴዛው ገጽ ሳይሆን እጅ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ጠረጴዛው ላይ 20 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ዕቃ ከተቀመጠ ሥራው ያለው እላዩ ነው። ይህን ረስቼ አንድ የፓኪንግ ጠረጴዛ በ«ትክክለኛ» ልክ አሠርቼ ሰዎቹን ትከሻቸውን ሰቅለው አውያቸዋለሁ።

የስፌት ማሽን ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። የኢንዱስትሪ ማሽኖች ቋሚ አብዛኛው ጊዜ በብሎን ከፍና ዝቅ ይላል። ማሽኑ የገባ ቀን ቴክኒሻኑ ይገጥመዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም። እኔ በነበርኩበት ላይን ሁሉም ማሽን በአንድ ከፍታ ነበር፤ ኦፕሬተሮቹ ግን ከመሃላቸው አንዷ የሌላዋን ትከሻ የምታክል ነበረች። ቁልፍ ይዞ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መዋል ነው ወጪው። ጠረጴዛውን ወደ ኦፕሬተሯ 10 ዲግሪ ገደማ ማዘንበልም ይረዳል። መርፌው ወደ ዓይን ይቀርባል፣ አንገት ያን ያህል አይደፋም። ፔዳሉንም አትርሱ፤ ከርቀት የሚረገጥ ፔዳል ሰውን ከወንበሩ መደገፊያ ጎትቶ ያወጣዋል።

የማይስተካከል ጠረጴዛ ከሆነስ? ሁለት ምርጫ አለ። ጠረጴዛውን ለረጅሙ ሰው ልክ ከፍ አድርጎ ለአጭሩ ከእግሩ ሥር የእንጨት መድረክ መስጠት፤ ወይም ለአጭሩ ሠርቶ ረጅሙን መተው። ያለ ጥርጥር የመጀመሪያው። አጭር ሰውን በጣውላ ማስረዘም ይቻላል፤ ረጅም ሰውን ማሳጠር ግን የሚቻለው ወገቡን በማጉበጥ ብቻ ነው። መድረኩ እንዳይደናቀፉበት ሰፊ ይሁን፤ ጠርዙ ቢጫ ይቀባ።

አንዳንዴ ደግሞ መዞር ያለበት ዕቃው ነው። የስዊድኑ ቮልቮ እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1993 በኡዴቫላ ከተማ የነበረው ፋብሪካ መኪናውን በጎኑ የሚያጋድል ማንሻ ነበረው። ሠራተኛው ሥሩ ገብቶ እጁን ሰቅሎ ከሚውል መኪናው ራሱ ጎኑን ይሰጠው ነበር። ጄነሬተር ወይም ፓምፕ የምትገጣጥሙ ሰዎች የሚሽከረከር ማስቀመጫ ማስበየድ ከቻላችሁ የትከሻውን ጣጣ በግማሽ ትገላገላላችሁ።

ፓኪንግ፦ ቀበቶ፣ ሥልጠና ወይስ ጠረጴዛ?

እናቶቻችን ወገባቸውን በመቀነት አስረው ነው የሚሠሩት። ስለዚህ የወገብ ቀበቶ ሲመጣ ሁሉም ይወደዋል። ችግሩ አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ከ9,000 በላይ ዕቃ የሚያነሱ የመደብር ሠራተኞች ላይ የተደረገ ጥናት ቀበቶ ያዘወተሩትና ያላዘወተሩት በወገብ ጉዳት ልዩነት አላሳዩም። «በጉልበታችሁ እንጂ በወገባችሁ አታንሱ» የሚለው ሥልጠናም ብቻውን ሲመዘን ውጤቱ ደካማ ነው። ዕቃው ወለል ላይ ካለ ሰው ለአሥር ካርቶን ሥልጠናውን ያስታውሳል፤ ለአሥራ አንደኛው ይጎብጣል።

የሚሠራው ሂሳብ ነው። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም ቀመር ከ23 ኪሎ ይጀምራል። ያ ግን ሁሉ ነገር ሲመች ነው፤ ዕቃው ሰውነት ሥር ሲሆን፣ በእጅ ልክ ሲቀመጥ፣ መጠምዘዝ ሳይኖር፣ አልፎ አልፎ ሲነሳ። ካርቶኑ ሰፊ ሆኖ ከሰውነት 50 ሴንቲሜትር ከራቀ 23ቱ ወደ 11.5 ይወርዳል። ከወለል የሚነሳ ከሆነ ደግሞ ወደ 9 ኪሎ። የእናንተን ካርቶን መዝኑትና አስተያዩ። እንግዲህ ምርጫው ቀበቶ ገዝቶ ወለል ላይ መተው ወይም ሁለት ሦስት ባዶ ፓሌት (ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት መደብ) ደራርቦ ካርቶኑን ወገብ ድረስ ማምጣት ነው። ባዶ ፓሌት ደግሞ ግቢ ውስጥ ወድቆ ታገኙታላችሁ።

ወለል

ቆመው የሚሠሩ ሴቶች ሲሚንቶው ላይ ካርቶን አንጥፈው ይቆማሉ። ቅዝቃዜውን ይቆርጣል፤ ሌላ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ሲያረጅ ደግሞ ያንሸራትታል። የጎማ ምንጣፍ ይሻላል፤ ግን «በለሰለሰ ቁጥር» አይደለም። እግር የሚሰምጥበት ምንጣፍ ቁርጭምጭሚትን ያደክማል። በአውራ ጣት ስትጫኑት ትንሽ ብቻ እሺ የሚል፣ ጠርዙ ተዳፋት የሆነ ነው የሚፈለገው። እኔ ግን ምንጣፉን ከመግዛቴ በፊት ጫማ አያለሁ። ቀኑን በነጠላ ጫማ የሚቆም ሰው ከምንጣፉ በፊት ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ያስፈልገዋል። ከጠረጴዛው ሥር አንድ እግር በተራ የሚያርፍበት ብረትም በነፃ የሚባል ነው።

እረፍት፦ አጭር ብዙ ወይስ ረጅም ጥቂት?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ ሥራን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ይገድበዋል። ትርፍ ሰዓትም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። በዚያ ውስጥ ትንንሽ እረፍቶችን እንዴት መከፋፈል እንዳለባችሁ ግን የእናንተ ምርጫ ነው።

እዚህ ላይ የምወደው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ፣ በአንድ የአሜሪካ የሥጋ ማቀነባበሪያ የተሠራ ነው። በተለመደው እረፍት ላይ 36 ደቂቃ ተጨመረ። አንዴ እንደ 12 ባለ 3 ደቂቃ፣ ሌላ ጊዜ እንደ 4 ባለ 9 ደቂቃ። በሁለቱም ምርቱ አልቀነሰም። ያ 36 ደቂቃ ከየት መጣ? ከድካሙ ነው የመጣው። የደከመ እጅ ቀስ ይላል፣ ይሳሳታል፣ ያስፈታል፤ ያ ሁሉ ደቂቃ ነው። ሠራተኞቹ ራሳቸው የመረጡት ባለ 9 ደቂቃውን ነበር።

እኔም ለትልቅ ፋብሪካ 9 ደቂቃውን እላለሁ፤ በ3 ደቂቃ ሽንት ቤት ደርሶ መመለስ አይቻልም፣ ወረፋም አለ። አሥር ሰው ላላት ትንሽ ስፌት ቤት ግን 3 ደቂቃዋ ትበቃለች። ውሃን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ሽንት ቤት ለመሄድ ፈቃድ የሚጠየቅበት ላይን ላይ ሴቶች ውሃ መጠጣት ይተዋሉ። ራስ ምታቱንና ድካሙን ደግሞ ወንበር አይፈታውም።

ማዘዋወር ወይስ በአንድ ቦታ መጽናት?

ሰው በየሁለት ሰዓቱ ሥራ ቢቀያየር ጡንቻው ያርፋል፤ ሐሳቡ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚከሽፈው ግን በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ከኦቨርሎክ ወደ ባለ አንድ መርፌ ማዘዋወር ማዘዋወር አይደለም፤ ያው አንገት፣ ያው ትከሻ። ከስፌት ወደ ቼኪንግ፣ ከቼኪንግ ወደ ክር ማደል ከሆነ ግን የሚሠራው የሰውነት ክፍል ይለወጣል። ሁለተኛው ታርጌት፣ ማለትም በቀን እንዲመረት የሚጠበቀው ብዛት ነው። በቁራጭ የሚከፈላት ልጅ በማታውቀው ማሽን ላይ ግማሽ ታርጌት ስትመታ ደመወዟ ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ «ተዘዋወሪ» ስትሏት «ምነው ምን አጠፋሁ?» ነው የምትላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በአማካይ ክፍያዋ የማትሸፍኑላት ከሆነ ማዘዋወሩን አትጀምሩት። እውነቱን ለመናገር እኔ ከማዘዋወር ይልቅ ከፍታን ማስተካከል ነው የማስቀድመው።

በፍጥነት ልለፋቸው

መብራት፦ ለስፌት 750 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) ነው የአውሮፓው ደረጃ። ስልካችሁ ላይ በሚጫን መተግበሪያ በግምት ማየት ይቻላል። ጣሪያው ላይ አምፖል ከመደርደር መርፌው አጠገብ አንዲት ኤልኢዲ ይሻላል። ሰው የሚጎብጠው ብዙ ጊዜ ስላልታየው ነው። መነጽር የሚያስፈልጋት ሴትዮም ትኖራለች፤ እሷን ወንበር አይረዳትም።

እርጉዞች፦ አዋጁ እርጉዝን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትን ይከለክላል፤ ትርፍ ሰዓትም እንዲሁ። ሥራው ለእሷ ወይም ለጽንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ቦታ መዛወር አለባት። ለእርጉዝ ቀኑን ሙሉ መቆም አይመረጥም። በርጩማው መጀመሪያ ለእሷ ይሰጥ።

ክሊኒክ ወይስ ወጌሻ? አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሃል ጣት የሚደነዝዝ፣ በተለይ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስና እጅን በማራገፍ የሚለቅ ከሆነ በእጅ አንጓ የሚያልፈው ነርቭ ተጨቁኖ ሊሆን ይችላል። ይህ በመጎተትና በማሸት አይፈታም። ክሊኒክ ይታይ። ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ ማድረግ ለብዙ ሰው ይረዳል። ቀን ሥራ ላይ አድርጎ መታገል ግን አንጓው ስለማይታጠፍ ጫናውን ወደ ትከሻ ይልከዋል።

ወደ 60ዎቹ ወንበሮች ልመለስ። ጎማቸውን ነቅለን የማይንሸራተት እግር አስገጠምንላቸው፤ የክንድ ማሳረፊያቸውንም ፈታን። በያጁና ረዳቱ በአንድ ቀን ጨረሱት። ማሽኖቹን ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት ለእያንዳንዷ ኦፕሬተር በልኳ አስተካከልን። 54 ወንበሮች ወደ ላይኑ ተመለሱ። የቀሩት ስድስቱ ከነጎማቸው ቢሮ ውስጥ ናቸው፤ አለቆቹ ለምደዋቸዋል።